የፕሮፌሰር ኤርሚያስ ዳኜ የኬሚስትሪ ሥራና የትምህርት ቤቶቻችን ድርሻ፤ ሒሳዊ ግምገማ

መግቢያ

የአንድ የዩኒቨርስቲ መምህር የሥራ ዘመን በሚገመገምበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠሩት ያሳተማቸው ጽሑፎች ብዛት፣ ያገኛቸው ማዕርጎችና ሽልማቶች ናቸው። ይህ አቆጣጠር ለዕድገት ኮሚቴ ይጠቅም ይሆናል፤ ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የሚሰጠው ጥቅም ግን አነስተኛ ነው። እኛ ልንጠይቀው የሚገባን ሌላ ነው። ይህ ሰው በሥራ ዘመኑ ያፈራው ዕውቀት በምን ሥርዓት ተገኘ? ለማንስ ደረሰ? ከዩኒቨርስቲው አጥር ወጥቶ ወደ መማሪያ ክፍል እንዳይገባ ያገደው ነገር ካለ ምንድን ነው?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ጥያቄዎች በአንድ ተመራማሪ ሥራ ላይ አቅርቦ መመርመር ነው። ለዚሁ የተመረጠው በአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል ለረጅም ዘመን ያስተማሩትና የሀገራችንን ዕፀዋት ኬሚስትሪ ሲመረምሩ የኖሩት የፕሮፌሰር ኤርሚያስ ዳኜ ሥራ ነው። ጽሑፉ የሕይወት ታሪክም ውዳሴም አይደለም። ከታተሙት ሥራዎቻቸው ጥቂቶቹ እንደ አንድ የሥርዓተ ትምህርት ሰነድ ተቆጥረው ይነበባሉ፤ ጠንካራ ጎናቸውም ደካማ ጎናቸውም ይመዘናል። ዓ.ም. የሚል ካልተጻፈበት በቀር የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጥያቄው መነሻ

ይህን ግምገማ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከወሰን በላይ፣ በየካና በእንጦጦ ተራሮች ግርጌ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የተመለከትሁት የማስተማር ልምምድ ነው። ሠልጣኙ መምህር ስለ ኦርጋኒክ ውሁዶች አመዳደብ ያስተምር ነበር። ከኋላ ወንበር የተቀመጠች አንዲት ተማሪ እጇን አንሥታ፣ «መምህር፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል እርጥቡ እንኳ ሲነድ የሚንጣጣው ለምንድን ነው? ሽታውስ ከምን ይመጣል?» ስትል ጠየቀች። እናቷ ከተራራው ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ወርደው ከሚሸጡት እናቶች አንዷ እንደ ሆኑ በኋላ ሰማሁ። ሠልጣኙ ጥቂት ካሰበ በኋላ፣ «ከዛሬው ርእስ ውጭ ነው» አላትና ትምህርቱን ቀጠለ።

በዕለቱ በያዝሁት የምልከታ ቅጽ ላይ «የትምህርቱን ዕቅድ ሳይለቅ አስተምሯል» የሚል መስመር ነበረ፤ ከፍተኛውን ነጥብ ሰጠሁት። ቅጹን ካዘጋጁት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርሁ። ለተማሪዋ ጥያቄ ግን በቅጹ ላይ ቦታ አልነበረውም።

ከወራት በኋላ፣ ሌላ ነገር ስፈልግ፣ በ2000 የታተመ አንድ ጽሑፍ አገኘሁ። ፕሮፌሰር ኤርሚያስና ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያ የበቀሉ የ12 ዓይነት ባሕር ዛፎችን ቅጠል አንጥረው፣ የእያንዳንዱ ዘይት ከምን ከምን እንደ ተገነባ በዝርዝር ያቀረቡበት ነው። የልጅቷ ጥያቄ መልስ ታትሞ የተቀመጠው ከመማሪያ ክፍሏ እጅግም ሳይርቅ፣ አራት ኪሎ ባለው የሳይንስ ግቢ በተሠራ ሥራ ውስጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳሰላስለው የኖርሁት በሁለቱ ስፍራዎች መካከል ያለው ርቀት ለምን ይህን ያህል እንደ ሰፋ ነው።

የሥራው ዘመን

የዩኒቨርስቲ ኮሌጁ በ1950 ሥራ ጀመረ፤ በ1961 ወደ ዩኒቨርስቲነት ከፍ አለ፤ ከ1975 ጀምሮም የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ተብሎ ተጠራ። የድኅረ ምረቃ ትምህርት የተከፈተው በ1978 ነው። «ሲኔት» የተባለው የሳይንስ መጽሔትም በዚያው ዓመት መታተም ጀመረ። የኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር ጆርናል በ1987 ተከተለ።

እነዚህ ዓመታት ተራ የታሪክ ቁጥሮች አይደሉም። ከ1978 በፊት አንድ የኬሚስትሪ ምሩቅ ትምህርቱን ለመቀጠል ቢፈልግ ወደ ውጭ ሀገር መሄድ ነበረበት፤ የሚመረምረውም የሄደበት ሀገር ቤተ ሙከራ የሚመረምረውን ነበር። የድኅረ ምረቃ ትምህርት በሀገር ውስጥ ሲከፈት ግን መምህሩ ለተማሪዎቹ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ መስጠት ግድ ሆነበት፤ ርእሱም በእጅ ባለው መሣሪያና በቅርብ በሚገኝ ጥሬ ዕቃ የሚሠራ መሆን ነበረበት። ዋጋው ውድ ያልሆነ፣ ከውጭ የማይመጣና ሌላው ዓለም ያልመረመረው ጥሬ ዕቃ የሀገሪቱ ዕፀዋት ነበር። የፕሮፌሰር ኤርሚያስና የዘመን ጓዶቻቸው፣ ለምሳሌ የፕሮፌሰር ብርሃኑ አበጋዝ፣ ምርምር ወደ ተፈጥሮ ውጤቶች ኬሚስትሪ ያዘነበለው ከዚህ ችግር ጋር ተያይዞ እንደ ሆነ መገመት ይቻላል። እጥረት የወለደው ምርጫ ቢሆንም ምርጫው ትክክል ነበር።

የምርምሩ አካሄድ

የሥራውን ጠባይ ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው በ1984 ከጀርመናዊው ኬሚስት ከዎልፍጋንግ ሽቴግሊክ ጋር ሆነው «ፋይቶኬሚስትሪ» በተባለው መጽሔት ያወጡት አጭር ጽሑፍ ነው። የተመረመረው ተክል በሳይንሳዊ ስሙ ክኒፎፊያ ፎሊዮሳ ይባላል፤ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚበቅል፣ አበባው እንደ ችቦ ቀጥ ብሎ የሚቆምና ሕዝቡ ለሆድ ቁርጠትና ለቁስል መድኃኒትነት የሚጠቀምበት ነው። ከሥሩ የወጣው ባለ ቀለም ውሁድ ከዚያ በፊት ያልታወቀ ዓይነት ስለ ነበረ ከተክሉ ስም ተወስዶ «ክኒፎሎን» የሚል ስም ተሰጠው።

የውሁዱ አሠራር ለማስተማር እጅግ የተመቸ ነው። ክኒፎሎን ከሁለት የታወቁ ክፍሎች የተጋጠመ ነው። አንደኛው ክራይሶፋኖል ሲሆን 15 የካርቦን፣ 10 የሃይድሮጅንና 4 የኦክሲጅን አቶሞች አሉት። ሁለተኛው የአሴቲል ፍሎሮግሉሲኖል ሜቲል ኢተር ሲሆን 9 የካርቦን፣ 10 የሃይድሮጅንና 4 የኦክሲጅን አቶሞች አሉት። ሁለቱ ሲጋጠሙ ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ሃይድሮጅን ይወጣል፤ የሚቀረውም 24 የካርቦን፣ 18 የሃይድሮጅንና 8 የኦክሲጅን አቶሞች ይሆናል። የሞለኪውሉ ክብደት 434 መሆኑን የ10ኛ ክፍል ተማሪ በደብተሩ ላይ ደምሮ ሊያረጋግጠው ይችላል። በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ለቀመር ልምምድ የሚቀርቡት ምሳሌዎች ተማሪው አይቷቸው የማያውቃቸው ነገሮች ሲሆኑ፣ ይህኛው ግን በደጋው መንገድ ዳር የሚያየው አበባ ሥር ውስጥ ያለ ነው።

የዚህ ግኝት ዕድሜም በአንድ ጽሑፍ አላበቃም። በ1999 ፕሮፌሰር ብርሃኑ አበጋዝ የተሳተፉበት ቡድን ክኒፎሎንና ዘመዶቹ በቤተ ሙከራ ብልቃጥ ውስጥ የወባን ተውሳክ እንደሚቃወሙ አሳየ፤ በ2001 ደግሞ ጀርመናውያን ኬሚስቶች ውሁዱን በቤተ ሙከራ ሠርተው አወጡት። በብልቃጥ ውስጥ የታየ ውጤት መድኃኒት ነው ማለት እንዳልሆነ ለተማሪዎች አጥብቆ ማስገንዘብ ያስፈልጋል። ቢሆንም የአንድ ሀገር በቀል ተክል ሥር የጫረው ጥያቄ በየሀገሩ ያሉ ተመራማሪዎችን ለብዙ ዓመታት ያሠራ መሆኑ ጥያቄው በሚገባ የተመረጠ እንደ ነበረ ይመሰክራል።

ከዚህ ሌላ በ1988 ከፕሮፌሰር ብርሃኑ ጋር የጌሾን ውሁዶች፣ በ1990 ከባልደረባቸው ጋር ዓሣ ለማደንዘዝ ከጥንት ጀምሮ የሚያገለግለውን የብርብራን ውሁዶች አሳትመዋል። አካሄዱ በሁሉም ዘንድ አንድ ነው። መነሻው ሕዝቡ ስም ያወጣለትና ጥቅሙን የሚያውቀው ተክል ነው፤ ቀጥሎ ውሁዶቹ ይለያሉ፤ የእያንዳንዱ አሠራር ይወሰናል፤ በመጨረሻም ውጤቱ ከታወቁት ጋር ይነጻጸራል። ከሚታወቀው ተነሥቶ ወደማይታወቀው መሄድ በማሠልጠኛ ተቋሞቻችን ዘወትር የምንሰብከው የማስተማር ደንብ ነው። እዚህ ላይ ደንቡ በምርምር ሥራ ላይ ውሎ እናገኘዋለን።

የሙያዎች መተባበር

ሁለተኛው ጠንካራ ጎን የዕፀዋት ዝምድና በኬሚስትሪ የተመረመረበት ክፍል ነው። የሬት ዝርያዎችን ሥር የሚመለከተው የ1994 ጽሑፍ ከደራሲዎቹ መካከል የዕፀዋት ሊቁ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ይገኙበታል። በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተጠናቀቀው የኢትዮጵያ ዕፀዋት መዝገብ ሥራ የተካሄደው እዚያው አራት ኪሎ ባለው ብሔራዊ የዕፀዋት ቤተ መዘክር ዙሪያ ነበር። ኬሚስቱ ያለ ዕፀዋት ሊቁ የትኛውን ተክል እንደ መረመረ በእርግጥ ሊናገር አይችልም፤ በስም የተሳሳተ ምርመራም ዋጋ የለውም። በዚያው ዓመት ከአቢይ የነሰው ጋር በጋራ የሬትንና የቅርብ ዘመዶቹን ቤተሰብ በውሁዶቻቸው መሠረት የሚመድብ ጽሑፍ ወጣ፤ ደራሲው ዛሬ በናይሮቢ ዩኒቨርስቲ የታወቁ ፕሮፌሰር ናቸው። በ2000 ደግሞ ስለ ሬት ኬሚስትሪ የሚታወቀውን ሁሉ አሰባስቦ የሚያቀርብ ሰፊ ዳሰሳ ከደቡብ አፍሪካ ባልደረቦች ጋር ታተመ።

በትምህርት ቤቶቻችን ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ሁለት ግንብ የለያቸው ክፍሎች ናቸው። የባዮሎጂ መምህሩ ሬትን ያሳያል፤ የኬሚስትሪ መምህሩ ቀለበታማ ውሁድ ይሥላል፤ ሁለቱ አንድ ነገር እንደሚያስተምሩ ግን ለተማሪው የሚነግረው የለም።

ተቋማትን ማቋቋምም የዚሁ ትብብር ገጽታ ነው። ፕሮፌሰር ኤርሚያስ በ1984 የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ የተፈጥሮ ውጤቶች ምርምር መረብ፣ በአጠራሩ ናፕሬካ፣ ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። በኋላም የአፍሪካ የተፈጥሮ ውጤቶች ቤተ ሙከራን በአዲስ አበባ መርተዋል። በ2002 ከባልደረቦቻቸው ጋር ያወጡት ጽሑፍ እውነተኛውን ከርቤ ከአመሳሳዩ ሙጫ በኬሚስትሪ የሚለይበትን መንገድ የሚመለከት በመሆኑ ለገበያም የሚጠቅም ነው። ከመዓዛማ ዕፀዋት ዘይት እያነጠረ ለሽያጭ የሚያቀርበውን አሪቲ የተባለውን ድርጅትም አቋቁመዋል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ትምህርት ከምርት ጋር ይተሳሰር እየተባለ ብዙ ተነግሮ ነበር፤ ንግግሩ አልፎ ሥራው የታየባቸው አጋጣሚዎች ግን ከዚያም ወዲህ ብዙ አይደሉም።

ጉድለቶች

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው መልካም ጎን ሒሳቡን አይዘጋውም። ቢያንስ ሦስት ጉድለቶችን መጥቀስ ይገባል።

አንደኛ፣ በዚህ ግምገማ የተነበቡት ጽሑፎች ሁሉ በእንግሊዝኛ፣ ለባለሙያ ብቻ የተጻፉ ናቸው። የሳይንስ ዓለም ልማድ ይኸው ስለ ሆነ ተመራማሪውን መክሰስ አይቻልም። ሆኖም የጌሾን መራራነት የምታውቀው ጠላ ጠማቂ፣ የብርብራን ጠባይ የሚያውቀው ዓሣ አጥማጅ ለምርምሩ መነሻ ዕውቀት ሰጥተዋል። ለእነርሱና ለልጆቻቸው፣ በአማርኛም ሆነ በሌሎች የሀገሪቱ ቋንቋዎች፣ ውጤቱ በምን ቃል እንደሚነገር አልታሰበበትም። የዕፀዋትን የአካባቢ ስም ከሳይንሳዊ ስማቸው ጋር ያሰባሰበው የአፍሪካ የተፈጥሮ መረጃ ቋት፣ በ2011 ሁለተኛ ዕትሙ የወጣው፣ ወደዚህ አቅጣጫ የተወሰደ ትልቅ ርምጃ ነው። ነገር ግን የተሰራጨው በሲዲ ነበር፤ ዛሬ ሲዲ የሚያነብ ኮምፒዩተር ያለው ትምህርት ቤት ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ሁለተኛ፣ የዚህ ዘርፍ ሥራ በአጠቃላይ የውሁዶች ዝርዝር ላይ የመቆም ዝንባሌ አለው። አንድ ተክል ይወሰዳል፣ ስድስት ሰባት ውሁድ ይለያል፣ ጽሑፉ ይታተማል፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው ተክል ይታለፋል። ውሁዱ በየትኛው ወቅት እንደሚበዛ፣ ከአንድ ኪሎ ሥር ምን ያህል እንደሚገኝ፣ ተክሉ ቢነቀል ስንት ዘመን እንደሚተካ የሚጠይቀው ጥቂት ነው። የባሕር ዛፍ፣ የሬትና የከርቤ ጥናቶች ከዚህ ዝንባሌ ለመውጣት የተደረገውን ጥረት ያሳያሉ። ቢሆንም የዩኒቨርስቲ የዕድገት መመዘኛ የሚቆጥረው አዲስ ውሁድንና አዲስ ጽሑፍን እስከ ሆነ ድረስ ዝንባሌው በግለሰብ ጥረት ብቻ አይታረምም።

ሦስተኛ፣ የመሣሪያ ጉዳይ አለ። የአንድን ውሁድ አሠራር ለመወሰን የኑክሌር ማግኔቲክ ሬዞናንስና የመሳሰሉት ውድ መሣሪያዎች ያስፈልጋሉ። በ1980ዎቹ የታተሙ የዘርፉ ሥራዎች ላይ የውጭ ቤተ ሙከራ ባልደረባ ስም አዘውትሮ የሚታየው በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው። ትብብሩ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም፤ ያለ እርሱ ክኒፎሎን ባልታወቀ ነበር። መጠንቀቅ የሚገባን ግን ተማሪዎቻችን «ሳይንስ ማለት ውድ መሣሪያ ማለት ነው» ብለው እንዳይደመድሙ ነው። በእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ የመጀመሪያው ግማሽ ሥራ፣ ማለትም ተክሉን መለየት፣ ማድረቅ፣ መፍጨት፣ መዘፍዘፍ፣ ማጥለልና ውሁዱን ከውሁድ መለየት፣ በትዕግሥትና በቀላል ዕቃ የሚሠራ ነው።

የእኛ ድርሻ

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። የተመራማሪው ግዴታ መርምሮ ማሳተምና ተማሪዎቹን ማስተማር ነው። የታተመውን አንብቦ፣ አቅልሎ፣ ለመምህሩ በሚመች መልክ የማቅረቡ ግዴታ የእኛ የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያዎች ነው። ከላይ የተነገረው የ12 ባሕር ዛፎች ጥናት ታትሞ ሳለ እኔ አላነበብሁትም ነበር። ስለዚህ የሠልጣኙ «ከርእስ ውጭ ነው» የሚለው መልስ ከእርሱ ይልቅ የእኔ ስንፍና ውጤት ነው።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ አንድ ሙከራ ወይም አንድ ምሳሌ አይፈታውም። ነገር ግን ተማሪው የሚያየውንና የሚማረውን የሚያገናኝለት ካላገኘ ቃሉን ሸምድዶ በፈተናው ማግስት መርሳቱ የማይቀር ነው።

ስለሆነም ሦስት ሐሳቦችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ከሀገር ውስጥ ምርምር የተወሰዱ አጫጭር የሙከራ መምሪያዎች ለመምህራን ይዘጋጁ። ሁለት ምሳሌ ልስጥ። የመጀመሪያው የባሕር ዛፍ ዘይትን በእንፋሎት ማንጠር ነው። አሠራሩ አረቄ ሲወጣ ያየ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ማሰሮ፣ መቃ፣ ማቀዝቀዣ። የነጭ ባሕር ዛፍ ዘይት ዋና ውሁድ ሲኒኦል ሲሆን 10 የካርቦን፣ 18 የሃይድሮጅንና 1 የኦክሲጅን አቶሞች አሉት። ብቻውን የሚፈላው በ176 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከውሃ ጋር ሲሆን ግን፣ የሁለቱ የእንፋሎት ግፊት ስለሚደመር፣ ውሃው ብቻውን ከሚፈላበት ባነሰ ሙቀት ይወጣል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ መፍላቱም ለሌላ ጥያቄ በር ይከፍታል። የሚወጣው ዘይት በቀላሉ የሚተንና የሚቀጣጠል ስለ ሆነ የልጅቷ ጥያቄ እዚህ ላይ ይመለሳል፤ ሙከራው ግን በዚሁ ምክንያት ከተከፈተ እሳት ርቆ፣ መምህሩ በቅርብ ሆኖ የሚሠራ መሆን አለበት። ሁለተኛው ምሳሌ ከገበያ የሚገዛው መቅመቆ ነው። ሥሩ ደቅቆ በአልኮል ሲዘፈዘፍ ቢጫ ቀለም ይሰጣል፤ በውሃ የቀጠነ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሲጨመርበት ወደ ቀይ ይለወጣል። ለዚህ ምክንያት ከሚሆኑት ውሁዶች አንዱ ያው የክኒፎሎን ግማሽ አካል የሆነው ክራይሶፋኖል ነው።

ሁለተኛ፣ በየማሠልጠኛ ተቋሙ የምንጠቀምበት የማስተማር ምልከታ ቅጽ ይሻሻል። «ሠልጣኙ ተማሪዎች ከአካባቢያቸው ተነሥተው ያቀረቡትን ጥያቄ እንዴት ተቀበለው?» የሚል መስመር ይጨመርበት። «አላውቀውም፤ ለነገ ፈልጌ እመጣለሁ» ብሎ የመለሰ ሠልጣኝም ሙሉ ነጥብ ያግኝ።

ሦስተኛ፣ ዩኒቨርስቲዎች የመምህራንን ዕድገት ሲመዝኑ ከምርምር ውጤት ለትምህርት ቤት የተዘጋጀ ጽሑፍን እንደ አንድ ሥራ ይቁጠሩ። ይህ ካልሆነ ድልድዩን እንዲሠራ የሚጠበቀው ሰው ለድልድዩ ሥራ የሚያገኘው ነገር ስለማይኖር ሥራው በበጎ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ሆኖ ይቀራል።

ማጠቃለያ

የፕሮፌሰር ኤርሚያስ ዳኜ የሥራ ዘመን የሚያስተምረን የሀገርን ዕፀዋት መነሻ አድርጎ፣ ከሌሎች ሙያዎች ጋር ተባብሮ፣ የዓለምን መመዘኛ ሳያጓድሉ መመራመር እንደሚቻል ነው። የማያሟላልን ደግሞ ዕውቀቱን ወደ መማሪያ ክፍል የማድረሱን ተግባር ነው፤ ይህም በዋነኛነት የእኛ ዕዳ ነው። ዕዳውን የመክፈያው ጊዜ ደግሞ ሠልጣኞቻችን ለሚቀጥለው የማስተማር ልምምድ ከመውጣታቸው በፊት ያለው ጊዜ ነው። እኔም የባሕር ዛፉን መምሪያ ጽፌ ለመጀመሪያ ጊዜ የምሞክረው ያች ተማሪ በጠየቀችበት ክፍል ይሆናል፤ እርሷ ዛሬ እዚያ ባትኖርም ከእርሷ ቀጥሎ በዚያ ወንበር የተቀመጠ ልጅ አለና።